አይዞህ ባዩ ማን ነበር? የኢትዮጵያ ስፖርተኛ አእምሮ፣ ከሮም እስከ ወልድያና መርሳ

ስለ ስፖርተኞቻችን ሲወራ ሁላችንም በቁርጥራጭ የምናውቃቸው ታሪኮች አሉ። አበበ በባዶ እግሩ ሮም ላይ፣ ምሩጽ ሞስኮ ላይ፣ ቀነኒሳ እጮኛውን ቀብሮ ወር ሳይሞላው ለውድድር ሲሰለፍ። የሰሜን ወሎ ሰው ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል፦ ወልድያ ላይ የተሠራው ስታዲየም፣ ከዚያም በከተማዋ ያለፈው ጦርነት። እነዚህን ሁሉ የሚያያይዝ አንድ ጥያቄ ግን ብዙም ሲነሣ አይሰማም። ለስፖርተኛው እግር አሠልጣኝ ነበረለት፤ ለጡንቻው ወጌሻ ነበረለት፤ ሐሳቡንና ልቡን ማን ይይዝለት ነበር?

ሥራው ሳይሠራ ቀርቶ አያውቅም። የሚሠሩት ግን አሠልጣኙ፣ የነፍስ አባቱ፣ ሼሁና የካምፕ ጓደኛው ነበሩ። አትሌቱ ሲያሸንፍ ይህ በቂ ይመስላል። ጉድለቱ የሚታየው ሲሰበር ነው፤ የሰው ዓይን ደግሞ በዚያን ጊዜ ወደ ሌላ አሸናፊ ዞሯል።

ከ1952 በፊት፦ ሽለላ፣ ጠበልና ዱዓ

ዘመናዊ ስፖርት ከመግባቱ በፊትም አገሩ ውድድር ነበረው። ገና ነበር፣ ጉግስ ነበር፣ ትግል ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጦርነት ነበር፤ ዘማቹም ልቡን የሚያዘጋጅበት ሥርዓት ነበረው። ሲሸልል የአባቶቹን ስም ይጠራል፣ የሠራውን ጀብዱ ይቆጥራል፣ የሚሠራውን አስቀድሞ ይናገራል። የዛሬ የስፖርት ሳይኮሎጂ ባለሙያ አንድን ሯጭ ከውድድር በፊት ያለፉ ድሎቹን እንዲያስታውስና ሩጫውን በዓይነ ኅሊናው እንዲጨርሰው ሲያደርግ፣ ከቀረርቶው ሥርዓት ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ያለው ከውጊያው በኋላ ነው። ፉከራ ለመሄጃ እንጂ ለመመለሻ አልተሠራም፤ የተሸነፈ ሰው የሚፎክረው የለውም።

ለመመለሻው ሌሎች ነበሩ። ወልድያን፣ መርሳንና ሀብሩን ያቀፈው የጁ፣ እስላሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ የሚኖርበት አገር ነው። ሰው ልቡ ሲከብደው ወይ ጠበል ይገባል፣ ወይ ሼህ ዘንድ ሄዶ ዱዓ ያስደርጋል፣ ወይ ቡና ይፈላና ጎረቤት ይሰበሰባል። ደም የተቃቡ ቤተ ዘመዶችን ቁጭ አድርገው የሚያስታርቁ አባጋሮችም የወሎ ሀብት ናቸው። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ ካለ አልስማማም፤ ብዙ ሰው ዕድሜውን በሙሉ የኖረው በዚህ ተደግፎ ነው። ነገር ግን ከነፍስ አባት በቀር ምሥጢር የሚጠበቅበት ቦታ አልነበረም። ቡና ላይ የተነገረ ጭንቀት ማታውን ሠፈር ያዳርሳል።

ሕክምናው ደግሞ ያስፈራ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ፤ ስሙም የሠፈር መሰዳደቢያ ሆነ። ዛሬ አንድ ወጣት ተጫዋች «ሳይኮሎጂስት ላናግር» ለማለት የሚያፍረው ከዚህ የተነሣ ነው። በአማኑኤል በር መታየትና ስለ ዕንቅልፍ ማጣት መማከር ለብዙዎቻችን አሁንም አንድ ነገር ነው።

በዚያ ዘመን ባሕር ማዶ ነገሩ ጥናት ሆኖ ነበር። ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ አሜሪካዊ በ1890 ዓ.ም ብስክሌተኞች ለብቻቸው ከሚጋልቡት ይልቅ ከሌላ ጋር ሲወዳደሩ እንደሚፈጥኑ ጽፎ ነበር። ኮልማን ግሪፊዝ ደግሞ በ1917 ዓ.ም በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የስፖርተኛን አእምሮ የሚያጠና ቤተ ሙከራ ከፈተ። ወሬው አዲስ አበባ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

ሮም፣ 1952 ዓ.ም

ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። የክቡር ዘበኛ ወታደሩ አበበ ቢቂላ ከካምፒዶሊዮ ሲነሣ አሠልጣኙ ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ሁለት ነገር አስይዘውት ነበር። አንደኛው ስለ ተቀናቃኙ ነው፦ የሞሮኮውን ራዲን ጠብቅ፣ መለያው 26 ነው ብለውታል። ሁለተኛው ስለ ቦታው ነው። መንገዱን አስቀድመው ሲቃኙ፣ ወደ ፍጻሜው ሲቀርብ ያ ሙሶሊኒ ከአክሱም ነቅሎ ያስወሰደው ሐውልት ቆሞ አገኙት። ከዚያ በኋላ መድረሻው ሩቅ አይደለም፤ ጉልበትህን እዚያ ልቀቀው ተባለ።

የመጀመሪያው መረጃ ስሕተት ሆነ። ራዲ የሮጠው 185 ቁጥር ለብሶ ነው። አበበ 26ን ፍለጋ አንዱን እያለፈ ሌላውን እየተከተለ ሄደ፤ አጠገቡ ያለው ሰው ዋናው ተቀናቃኝ መሆኑን ሳያውቅ ከእሱ ጋር ብዙ ኪሎ ሜትር ሮጠ። ሳያውቅ መሮጡ ሳይጠቅመው አልቀረም፤ ያልተፈራ ተቀናቃኝ አያደክምም። ሁለተኛው ምልክት ግን በቦታው ነበር። በጨለማ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው ባበሩት መንገድ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ለወጠ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፤ ከራዲ 25 ሰከንድ ቀድሞ።

ዛሬ ይህ ስም አለው። ባለሙያዎች ሯጩ ድካሙን ትቶ ሐሳቡን የሚያስርበት፣ አስቀድሞ የተመረጠ ምልክት እንዲኖረው ያደርጋሉ፤ ዛፍ፣ ድልድይ፣ የመጨረሻው ዙር ደወል ሊሆን ይችላል። ኒስካነን ይህን ያደረጉት ሳይኮሎጂስት ሆነው አይደለም። ስዊድናዊ ነበሩ፣ አገሩን ያውቁ ነበር፣ ልጁን ያውቁት ነበር። የመረጡት ምልክት ደግሞ እንዲሁ ድንጋይ አልነበረም፤ ለአንድ የኢትዮጵያ ወታደር የተዘረፈ ንብረት ነው። በባዶ እግር መሮጡም ከዚያው አስተሳሰብ ይመነጫል፦ አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው፣ የለመደውን መረጠ።

የሚገርመው ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1957 ዓ.ም፣ የዓለም የስፖርት ሳይኮሎጂ ባለሙያዎች የመጀመሪያ ጉባኤያቸውን ያካሄዱት በዚያው በሮም ነው። ዓለም አቀፍ ማኅበራቸውም እዚያው ተመሠረተ። እኛ የነበረንን ሳናውቀው፣ እነሱ ስም አውጥተውለት ተለያየን።

ከቶኪዮ እስከ ስቶክ ማንዴቪል፣ 1957–1966

ቶኪዮን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሮጠ፣ 2፡12፡12 ገባ፣ ሕዝቡ ፊት ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን አፍታታ። አገሩም «የኢትዮጵያ ሯጭ ልቡ ብረት ነው» ብሎ ደመደመ። ከሜክሲኮ ማራቶን በጉዳት ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ ተክቶ አሸነፈ፤ ድምዳሜውም ጸና።

መጋቢት 1961 የአበበ መኪና ተገለበጠችና ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። በእኔ ግምት ስለ ስፖርተኞቻችን የአእምሮ ጤና የሚተርክ ሁሉ ከሮም ይልቅ እዚህ ሊቆም ይገባዋል።

የሆስፒታሉን የአከርካሪ ጉዳተኞች ማዕከል ያቋቋሙት ሉድቪግ ጉትማን ከናዚ ጀርመን ሸሽተው የመጡ አይሁዳዊ ሐኪም ነበሩ። በዚያ ዘመን አከርካሪው የተጎዳ ሰው አልጋ ላይ ሞቱን እንዲጠብቅ ይተው ነበር። ጉትማን አልተዉትም። ኳስ አስወረወሩት፣ ቀስት አስያዙት፣ ከጎረቤቱ ጋር አወዳደሩት። ስፖርት ለእሳቸው ለክንድ ብቻ ሳይሆን «ከእንግዲህ አልጠቅምም» ለሚለው ሐሳብም መድኃኒት ነበር። በ1940 ዓ.ም በግቢያቸው የጀመሩት ውድድር አድጎ ፓራሊምፒክ ሆነ።

ሁለት የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ቀስት ይዞ፣ ስሙን ከማያውቁት ታካሚዎች ጋር ዒላማ ሲመታ ይታያችሁ። አበበ በዚያው በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም ኖርዌይ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ጋሪ፣ በበረዶ ላይ ተወዳድሮ አሸነፈ። ድሉንም አደጋውንም ከእግዚአብሔር ፈቃድ እንደተቀበለ ይናገር ነበር፤ እምነቱ ከአገሩ የመጣ ነው። ቀስቱ ግን ከሆስፒታሉ ነው። ሁለቱ አልተጣሉበትም። በኋላ ዘመን «ወይ ጸሎት ወይ ሳይኮሎጂ» የሚለው ክርክር ሲነሣ ይህን ያስታወሰ የለም።

ጥቅምት 1966 አረፈ፤ ዕድሜው ገና 41 ነበር። ስቶክ ማንዴቪል ያገኘውን ዓይነት እንክብካቤ አገር ውስጥ የሚሰጥ ቦታ አልነበረም።

ሙኒክና የተዘጉ በሮች፣ 1964–1981

ምሩጽ ይፍጠር በ1964 ዓ.ም ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ነሐስ አገኘ። ለ5 ሺህ ማጣሪያ ግን በሰዓቱ ሳይደርስ ቀረ። ምክንያቱ በብዙ መልኩ ይተረካል፤ ሲመለስ እስር ቤት እንደገባም በሰፊው ይነገራል። እዚህ ላይ የሚታየኝ የዘመኑ አስተሳሰብ ነው። አንድ አትሌት ባልተለመደ ሁኔታ ሲሳሳት «ምን ነካው?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ የለም። ያለው «ማን አሳተው?» የሚል መርማሪ ነው።

ከዚያ ፖለቲካው በሩን ዘጋ። በ1968 ሞንትሪያል፣ በ1976 ሎስ አንጀለስ፣ በ1981 መግቢያ ሴኡል፤ ሦስቱም ላይ ኢትዮጵያ አልተካፈለችም። በመሃል የተከፈተችው ሞስኮ ብቻ ነበረች፤ ምሩጽም በ1972 ዓ.ም ገብቶ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። ስለ ምሩጽ ሁላችንም እናውቃለን። ሞንትሪያልን ጠብቀው፣ ሞስኮ አምልጧቸው፣ ሎስ አንጀለስን አጥተው ጫማቸውን የሰቀሉ ግን አሉ። አትሌት በአራት ዓመት አንዴ ለሚመጣ ቀን ይኖራል፤ ያ ቀን በአዋጅ ሲሰረዝ የሚሰማው ሐዘን ነው፣ እንደ ሞት ያለ። ለቅሶ የሚደርሰው ግን የለም።

በዚያው ሰሞን በወሎ የለቅሶው ዓይነት ሌላ ነበር። በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ማግሥት፣ ጥቅምት 1977፣ የኮረም መጠለያ ሥዕል ዓለምን አስለቀሰ። ራያና የጁ ልጆቻቸውን በረሃብ ቀበሩ፤ የተረፈው በሰፈራ ወደ ደቡብና ምዕራብ ተጫነ። ስለ አእምሮ ጤና ለማውራት ጊዜው አልነበረም ይባላል። እኔ ግን የዛሬዎቹ የሀብሩ ወጣቶች አያቶችና አባቶች ያን ሁሉ ዝም ብለው ተሸክመውት እንደኖሩ አልረሳም። ልጅ ሲጨነቅ «ይህ ደግሞ ምን ጭንቀት ነው?» የሚል መልስ የሚያገኘው፣ መልስ ሰጪው ከዚህ የከፋ ስላየ ነው።

አሠልጣኙ አባት በነበሩበት ዘመን፣ 1984–1996

ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ፣ ኃይሌና ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ። የዚህ ዘመን የአትሌቱ ሳይኮሎጂስት አንድ ሰው ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም፦ ሃንጋሪ የተማሩት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ። ጥብቅ ነበሩ፤ ይቆጡ ነበር፤ ልጆቹም እንደ አባት ይፈሯቸውና ይወዷቸው ነበር። ካምፑ ቤት ነበር፣ ቡድኑ ቤተሰብ ነበር፤ ብቸኝነት ቦታ አልነበረውም።

ይህ አሠራር ትልቅ ድል አስገኝቷል፤ ወሰንም ነበረው። ለቡድኑ የሚመርጥህን ሰው «ሌሊት አልተኛም፣ እፈራለሁ» ማለት እንዴት ይቻላል? ድክመትህን የምትነግረው ሰው ስምህን ከዝርዝሩ ሊሰርዝ ይችላል። የስፖርት ሳይኮሎጂ ባለሙያ ከአሠልጣኙ የተለየ ወንበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሰማውን ለአሠልጣኙ የማይናገር፣ በምርጫው እጁን የማያስገባ ሰው መሆን አለበት።

በእነዚህ ዓመታት ማናጀርና የጎዳና ውድድር ገንዘብ መጡ፤ አትሌቱ ከካምፕ ወደ ሆቴል ወጣ። አገር ውስጥም መሠረት እየተጣለ ነበር። በ1995 ዓ.ም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ማሠልጠን ጀመረ። የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍሎችም ተስፋፉ፤ በሥርዓተ ትምህርታቸው ውስጥ የስፖርት ሳይኮሎጂ አንድ ኮርስ ሆኖ ገባ። ተማሪው ይማረዋል፣ ይፈተነዋል፣ ያልፈዋል። የሚቀጥረው ክለብ ግን ከስንት አንድ ነው።

አራራት፣ 1997 ዓ.ም

ታኅሣሥ 26 ቀን 1997፣ ገና ሊሆን ሦስት ቀን ሲቀረው። ቀነኒሳ በቀለና እጮኛው ዓለም ተጫሌ በአዲስ አበባ ጥግ፣ አራራት አካባቢ ባለው ጫካ ልምምድ ላይ ነበሩ። ዓለም የ18 ዓመት ልጅ፣ በ1,500 ሜትር የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ነበረች። እየሮጠች ወደቀች። ቀነኒሳ አንሥቶ ተሸክሟት ወደ መኪና ሮጠ። አልተረፈችም። ሠርጋቸው በዚያው ዓመት ሊሆን ታስቦ ነበር።

ከ25 ቀን በኋላ ቦስተን ላይ 3 ሺህ ሜትር ሮጠ። ዓለምን ያስደነቀ ሯጭ የቀሩትን ዙሮች ተሳስቶ ቆጠረ፤ ጊዜው ሳይደርስ ተፈተለከና ተሸነፈ። ቀጥሎ በርሚንግሃም ላይ በማርቆስ ገነቲ ተቀደመ። ጋዜጦች የብቃት ጥያቄ አነሡ።

በሐዘን ላይ ያለ ሰው ዙር መሳሳቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐዘን መጀመሪያ የሚወስደው ትኩረትን ነው። ዕንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ጆሮ ይሰማል ግን አይመዘግብም፤ እጅና እግር የለመዱትን ሲሠሩ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነው። ለቀስተኛ ሲያወራችሁ የጀመረውን ነገር ሲረሳ አላያችሁም? ቀነኒሳ የረሳው ዙር ነው።

ከዚያ የሆነውን አገር ያውቃል። መጋቢት ላይ ሴንት ኤቲየን፣ በዓለም አገር አቋራጭ አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ። ነሐሴ ላይ በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ወር ብራስልስ ላይ የ10 ሺህ ሜትርን ክብረ ወሰን 26፡17.53 አደረሰው። ሁላችንም እልል አልን። ከእልልታው ያወጣነው ትምህርት ግን የተሳሳተ ይመስለኛል፦ «እሱ ከቻለ ማንም ይችላል» አልን። ቀነኒሳን ቤተሰቡ፣ እምነቱና የቡድን ጓደኞቹ ይዘውታል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀነኒሳ ነው። በእሱ ቦታ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ሯጭ ቢሆን ኖሮ ከሁለተኛው ሽንፈት በኋላ ደመወዙ ይቆረጥ ነበር፤ ስሙንም አንሰማውም ነበር።

ኃይሌ ገብረሥላሴም የሚጠቀስ አንድ ቀን አለው። ጥቅምት 28 ቀን 2003 ኒው ዮርክ ላይ በጉልበት ሕመም አቋረጠ፤ እያለቀሰ ሩጫ በቃኝ አለ፤ ከቀናት በኋላ ሐሳቡን ለወጠ። ብዙዎች ቀለዱበት። መቀለጃ አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሩጫ ብቻ የነበረ ሰው ሩጫውን ሲያቆም ማን ይሆናል? ስፖርተኛን ከሚጎዱት ነገሮች መካከል የጡረታ ቀን አንዱ ነው፤ አስቀድሞ ተዘጋጅቶበት የሚደርስ ጥቂት ነው።

ወልድያ ስታዲየም ስታገኝ፣ 2004–2010

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም ተከፈተ፤ መርሳም የግብርናውን ግቢ አገኘች። ጥር 2009 ደግሞ በልጅነታቸው ወልድያ ያደጉት ሼህ ሙሐመድ ሁሴን ዓሊ አል አሙዲ ያሠሩት ስታዲየም ተመረቀ። ወደ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ አዲስ አበባም የሚቀናበት። ወልድያ ከተማ በፕሪሚየር ሊግ ትጫወት ነበር። ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከግራና ወጣቱ በሚኒባስ እየተጫነ ቅዳሜና እሑድ ይጎርፋል።

ስታዲየም ሲመረቅ ሁሉም ነገር ይቆጠራል፦ ወንበሩ፣ ሣሩ፣ መብራቱ። ለተጫዋቹ ጭንቀት የተመደበ ክፍልም ሰውም ስለመኖሩ የጠየቀ አልሰማሁም። በእኛ ሊግ የአንድ ተጫዋች ኑሮ እንዲህ ነው፦ ከቤተሰቡ ርቆ ይከራያል፣ ውሉ አጭር ነው፣ ደመወዝ ይዘገያል፣ ኳስ ሲስት ሺዎች ይሰድቡታል። ከ2010 ወዲህ ደግሞ የብሔር ቁጣ ተጨመረበት። ኅዳር 2010 ወልድያ ከመቀሌ ሊጫወቱ የነበረበት ቀን ከተማዋ በግጭት ታመሰች፤ ጨዋታው ቀረ። ጥር 12 ቀን፣ በበዓል፣ የጸጥታ ኃይሎች በከተማዋ ሰዎች ገደሉ። በዚያ ውድድር ዘመን መጨረሻ ክለቡ ከሊጉ ወረደ።

መውረዱን የኳስ ተንታኞች በአጥቂና በተከላካይ አስረዱት። ከልምምድ ሜዳው አጥር ውጪ ሰው እየተቀበረ የሚጫወት ቡድን እግሩ ለምን እንደሚከብድ በስልት ሰሌዳ አይገለጽም።

ነሐሴ 2013

የቶኪዮው ኦሊምፒክ በወረርሽኙ ዘግይቶ ሐምሌ 2013 ተጀመረ። ሐምሌ 20 አሜሪካዊቷ የጂምናስቲክ ስፖርተኛ ሲሞን ባይልስ አእምሮዬ ዝግጁ አይደለም ብላ ከቡድን ፍጻሜው ወጣች። ሐምሌ 23 ሰለሞን ባረጋ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አመጣ። ዓለም በሙሉ ስለ ስፖርተኛ የአእምሮ ጤና ያወራበት ሳምንት ነበር። በዚያው ሳምንት ቆቦ በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ሐምሌ ሲገባደድ ላሊበላ፣ ኦሊምፒኩ በተዘጋ ሰሞን ደግሞ ወልድያ በህወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። መርሳም ተከተለች። የተፈናቀለው ሕዝብ በደሴ መንገድ ጎረፈ፤ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ።

እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ወልድያ በእነሱ እጅ አራት ወር ቆየች። ሆስፒታሉ ተዘረፈ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ። ነሐሴ 2014 ውጊያው በቆቦ በኩል ሲያገረሽ ሰዉ እንደገና ሻንጣውን አነሣ። ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ የዚያው ዓመት ክረምት ሳያልቅ በአማራ ክልል ሌላ የትጥቅ ግጭት ተነሣ። በወልድያና በአካባቢዋ የተደረጉ የጤና ጥናቶች ከጦርነቱ በኋላ የሚመጣው ጭንቀትና ድብርት በነዋሪው ላይ በስፋት እንደሚታይ አሳይተዋል።

ሕመሙ በአንድ ወገን አልቆመም። ሐምሌ 2014 ዩጂን ላይ ለተሰንበት ግደይ፣ ጉዳፍ ፀጋይና ጎይተቶም ገብረሥላሴ ወርቅ ሲያጠልቁ ትግራይ ውስጥ ስልክ ተቋርጦ ነበር። «አሸነፍኩ» ብሎ ለእናት መደወል አይቻልም። ኢትዮጵያ በዚያ ሻምፒዮና በሜዳልያ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ሆነች። ያን ያህል ጭንቀት ተሸክሞ ሁለተኛ የወጣ ቡድን፣ ሰው ቢያዳምጠው የት ይደርስ ነበር የሚለውን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ወደ ሜዳው እንመለስ። አንዲት የ16 ዓመት የሀብሩ ሯጭ በዞን ውድድር መነሻ መስመር ላይ ቆማለች እንበል። አስጀማሪው ሽጉጡን ያነሣል። ለሌላ አገር ልጅ ያ ድምፅ «ሂጂ» ማለት ነው። በ2013 ክረምት አልጋ ሥር ያደረች ልጅ ግን ጉልበቷ ይታሰራል፣ ወይም አቅጣጫ ሳትመርጥ ትሮጣለች፣ ወይም እንባዋ ይመጣል። አሠልጣኟ «ፈሪ ናት» ይላል። ፈሪ አይደለችም፤ ሰውነቷ የተማረውን እየሠራ ነው።

ባለሙያ ቢኖር ምን ያደርጋል? ቢሮ አስቀምጦ «ያየሽውን ንገሪኝ» አይላትም፤ አንዳንዱ ቁስል ቶሎ ሲነካ ይብሳል። ከማሟሟቂያው በኋላ ሜዳውን አብሯት ይዞራል። መጀመሪያ የሚጠይቃት ስለ ዕንቅልፏ ነው፣ ስለ ምግቧ፣ ከማን ጋር እንደምትኖር። ትንፋሽ ያስተምራታል፦ በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ ከገባው ረዘም አድርጎ ማስወጣት፤ የልብ ምቱ እስኪረጋ። ለጥቂት ሳምንት መነሻው በጭብጨባ ይሆናል፤ ከዚያ በፊሽካ፤ ከዚያ ከሩቅ በሚሰማ ሽጉጥ፤ እሷ «አሁን» ስትል ብቻ ይቀርባል። ቅዠቱ ካልቀነሰ፣ መኖር ካስጠላት፣ የእሱ ሥራ አይደለም፤ ወደ ሐኪም ይልካታል፣ ይከታተላታል። ለአሠልጣኙ የሚነግረው የተስማማችበትን ያህል ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

ፓሪስ፣ 2016 ዓ.ም፣ እና ከዚያ ወዲህ

ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አስቀድሞ ተነቃቅቶ ነበር። የስፖርተኞችን የአእምሮ ጤና የሚመዝን መጠይቅ አዘጋጀ፤ የመጀመሪያው ክፍል 10 ጥያቄ ብቻ ነው፣ የቡድን ሐኪም በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ፓሪስ ላይ በአትሌቶች መንደር ጸጥ ያለ ማረፊያ ክፍል ተከፈተ፤ በብዙ ቋንቋ የሚመልስ የስልክ መስመርም ነበር።

የእኛ ቡድን በፓሪስ ሁለት ተቃራኒ ታሪኮች ነበሩት። ለሜቻ ግርማ፣ በአንድ ኦሊምፒክና በሦስት የዓለም ሻምፒዮናዎች ብር ያገኘው፣ የ3 ሺህ መሰናክል ክብረ ወሰን ባለቤት፣ በፍጻሜው ወድቆ በቃሬዛ ወጣ። ታምራት ቶላ ደግሞ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ተተካ፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 2፡06፡26 አሸነፈ። ለታምራት ቤተ መንግሥት በሩን ከፈተ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ለሜቻ ነው፤ አራት ጊዜ ብር ያገኘና በአምስተኛው የወደቀ ሰው በሆስፒታል አልጋው ላይ ምን ያስባል?

ወልድያ ላይ ስታዲየሙ ቆሟል። ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉም እዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው። በየዓመቱ ከአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይኮሎጂና የስፖርት ሳይንስ ተምረው የሚመረቁ ወጣቶች ሥራ ይፈልጋሉ። ክለቡም፣ የሀብሩ ወረዳና የመርሳ ከተማ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶችም በየራሳቸው መቅጠር ካልቻሉ ለሦስቱ አንድ ሰው ይበቃል፤ ሰኞ ወልድያ፣ ረቡዕ መርሳ፣ ቅዳሜ የገጠር ትምህርት ቤቶች ሜዳ። የአካባቢው ሼሆችና ካህናት ከጎኑ ቢቆሙ ወጣቱ ቶሎ ያምነዋል። የሚቀጥለው በጀት ሲያዝ ከወጌሻው መደብ ቀጥሎ ይህ አንድ መደብ ይጻፍ።